በማሳ ዳር ለተረፈችው ምንጭ ውል ይጻፍላት፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለግብርና ሚኒስቴር፣
ለክልሎች የገጠር መሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች፣

ጉዳዩ፦ በግል የእርሻ ይዞታ ውስጥ የሚገኙ ምንጮችን፣ የወንዝ ዳርቻዎችን፣ ረግረጎችንና የአገር በቀል ዛፍ ቅሪቶችን በፈቃዳቸው ለሚጠብቁ አርሶ አደሮች በውል የሚከፈልበት ሥርዓት እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሙያ ሠልጥኜ፣ በምዕራብ አማራ ደጋማ ቀበሌዎች በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት፣ በኋላም በወረዳ ባለሙያነት ሳገለግል ካየሁት በመነሣት ይህን ጥያቄ ለመሥሪያ ቤቶቻችሁም ጉዳዩ ለሚመለከተው ሕዝብም በግልጽ ማቅረብ ወድጃለሁ። ጥያቄዬ በአጭሩ ይህ ነው፦ በአርሶ አደሩ ማሳ ውስጥ ያለችውን ምንጭ፣ የወንዙን ዳር፣ የቦረቦሩን አፋፍ፣ ረግረጉንና ከአያት ዘመን የተረፉትን ዛፎች ባለይዞታው በገዛ ፈቃዱ፣ ለተወሰኑ ዓመታት፣ በጽሑፍ ውልና ተገቢውን ክፍያ እያገኘ እንዲጠብቅ የሚያስችል ሥርዓት ይዘርጋልን።

አገራችን በአፈርና ውሃ ጥበቃ ጉልበት አላፈሰሰችም ተብላ የምትታማ አይደለችም። ከደርግ ዘመን የምግብ ለሥራ ፕሮግራም ጀምሮ፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው ሴፍቲኔት በኩል፣ በየዓመቱ በበጋ እስከሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻና ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እስካለው የአረንጓዴ አሻራ ተከላ ድረስ የገጠሩ ሕዝብ ያለ ብዙ ማጉረምረም ዶማና አካፋውን ይዞ ወጥቷል። ይሁንና ከዚህ ሁሉ ሥራ ደንብና ጠባቂ ያገኘው በአብዛኛው በወል መሬት ላይ ያረፈው ነው። ተራራው ይከለላል፤ ከብት እንዳይገባበት ጠባቂ ይቆምለታል፤ ሣሩ እየታጨደ ለአባላቱ ይከፋፈላል። ወደ ተራራው ግርጌ ሲወረድ ግን መሬቱ የግለሰብ ይሆናል፤ እዚያ ላይ መመሪያውም ባለሙያውም ዝም ይላሉ።

ዝም ይላሉ ስል ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ወደ ጮቄ ተራራ የወጣ ወይም ከደባርቅ ወዲያ ያሉትን ገደላገደሎች ያየ ሰው ይህ ድንጋጌ ምን ያህል እንደተፈጸመ ያውቀዋል፤ ሰው ራሱ ቆሞ ለመሄድ በሚቸገርበት ዳገት ላይ ገብስ ይታጨዳል። አርሶ አደሩ ዳገቱን የሚያርሰው ሕጉን ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም፤ አብዛኛው የደጋ ቤተሰብ የሚኖረው ከአንድ ሄክታር በማይበልጥ መሬት ላይ ነው፤ እሱንም ከልጆቹ ጋር ይካፈለዋል። ይህን ተው ብሎ ማዘዝ፣ ታዲያ ምን ልብላ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ እስካልመጣ ድረስ ከወረቀት አያልፍም።

በግል ማሳ ላይ የሚሠራው የዘመቻ እርከንም ዕጣው ከዚህ የተሻለ አይደለም። የካቲት ላይ መንደሩ ወጥቶ የካበው እርከን፣ ሰኔ ላይ ባለማሳው በሬዎቹን ጠምዶ ሲገባ ጠርዝ ጠርዙ እየተሸረፈ ይሄዳል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የነበረበት ቦታ በአፈሩ ቀለም ካልሆነ አይለይም። ምክንያቱን ጠይቆ ለሚያዳምጥ ሰው የሚሰጠው መልስ ደግሞ የሚናቅ አይደለም፦ እርከኑ ከጠባቡ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፣ በሬ ማዞሪያ ያሳጣል፣ ለአይጥ መደበቂያ ይሆናል፣ ውሃ ከኋላው ሲተኛበትም ጤፉን ያቢጫል። ጉዳቱ ሁሉ የባለማሳው ነው፤ ጥቅሙን የሚያገኙት ግን ታች ያለው መንደር፣ ከተማውና ግድቡ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በዘመቻ የተተከሉት የማኅበር ደኖች በብዙ አካባቢ በአጭር ጊዜ የተመነጠሩት፣ እርከኖችም የፈረሱት ሕዝቡ ዛፍ ጠልቶ እንዳልነበር አሁን ሁላችንም እንስማማለን፤ የእኔ ነው ብሎ የሚከራከርላቸው ሰው አልነበረም።

ሰው ተስማምቶ የያዘው ነገር ግን መንግሥት ሲለዋወጥም እንዴት እንደሚቆይ ከአገራችን ውጭ መሄድ ሳያስፈልግ ማሳየት ይቻላል። በሰሜን ሸዋ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁት የኖረ ምድር ነው። ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ይከርማል፤ ጊዜው ደርሶ ሲከፈት ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፤ ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጓሳ የማንም መግቢያ ሆኖ ተጎዳ። መልሶ ያቆመው ነዋሪው ራሱ ያቋቋመው ምክር ቤትና ያወጣው መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ክልሉ በሕግ ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከእረኛው እምብዛም ሳይርቁ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በደቡብ ጎንደርም ዙሪያው ሁሉ ታርሶ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ብቻ እንደ ደሴት ቀርተዋል፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ከሜግ ላውማን ጋር በመሆን ደኖቹን በድንጋይ ካብ ለማስከበር ሲነሡ፣ ካቡን ያቆመው ካህኑና ምእመኑ ከየማሳው የለቀመው ድንጋይ ነው። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ።

ጓሳም የቤተ ክርስቲያን ደንም ባለቤታቸው ማኅበር ነው። በአንድ አባወራ ማሳ ጥግ ላይ ለቀረችው የዛፍ ጥላ ግን ማኅበር የላትም፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ከተጻፈው ሰው በቀር።

እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ። ማሳው ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ በሚያዘነብልበት ጫፍ ላይ ምንጭ አለች፤ ከላይዋ አንድ ትልቅ ሾላና ሁለት ዋንዛ ቆመዋል። የቀድሞው ባለመሬት እስከ ምንጯ ከንፈር ድረስ ያርሰው ስለነበር በመጋቢት ትደርቅ ነበር። ይህ ሰው ግን ከግማሽ ቃዳ (አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው) የማትበልጠውን መሬት ማረሱን ትቶ በእሾህ አጠራት። ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ቄጠማው ተመለሰ፤ የዋንዛው ፍሬ ከወደቀበት በቀለ፤ ምንጯም ከበልግ እስከ በልግ ትፈስ ጀመር። ያንጊዜ የሁለት ጎጥ ሴቶች ጄሪካን ይዘው ወደ እሱ ማሳ መምጣት ያዙ። እኔን ያስጠራኝ ችግኝ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ችግኝስ አልፈልግም፤ ራሱ በቅሎልኛል። ይልቅ ይቺ መሬት ጦም አደረች ብለው ለሌላ እንዳይሰጡብኝ አንዲት ወረቀት ጻፍልኝ።» የሚጻፍለት ወረቀት አልነበረም። በሪፖርት ቅጹ ላይ የተተከለ ችግኝ በቁጥር፣ የተሠራ እርከን በሜትር፣ የተቆፈረ ጉድጓድ በብዛት የሚሞላበት ዓምድ ነበር፤ ሳይታረስ የተጠበቀ መሬት የሚገባበት ዓምድ ግን አልነበረም። የቀበሌው ሰዎችም ነገሩን ሲሰሙ መሬቷ ትርፍ ከሆነች ለሥራ አጥ ወጣት ትሰጥ እያሉ ነበር የሚያወሩት።

የዚህ ሰው ሥጋት ከባዶ የተነሣ አልነበረም። በአማራ ክልል የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ ያየ ሰው ያልታረሰ መሬት ምን እንደሚገጥመው አይረሳም፤ በክልሎች የመሬት ሕጎችም መሬትን ያለ በቂ ምክንያት ለተከታታይ ዓመታት ጦም ማሳደር መብት ከሚያሳጡ ነገሮች አንዱ ሆኖ ሲጻፍ ቆይቷል። በላዩ ላይ ጎረቤት አለ። ያልታረሰ ድንበር ማረሻ ይጠራል፤ በየዓመቱ አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም እየተገፋ ሄዶ ባለይዞታው ለተፈጥሮ የተወው መሬት የጎረቤት እርሻ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ ብልህ አርሶ አደር ምንም ባያበቅልለትም እንኳ ድንበሩን ለማስከበር ሲል ብቻ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ያርሳል። ሕጋችንና ልማዳችን ተባብረው ማረስን የባለቤትነት ማስረጃ፣ መተውን ደግሞ የስንፍና ምልክት አድርገውታል። አንድም ብር ከመክፈላችን በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው፤ ውል የተገባበት መሬት ጦም ያደረ መሬት ተብሎ ሊቆጠር እንደማይችል በማያሻማ ቃል በመመሪያ ይጻፍ።

የደን ልማት አዋጁ ይህን ክፍተት ይሞላዋል የሚል ካለ፣ አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ማወቁና ማበረታቻ መፍቀዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አገራችን ደን ብላ የምትቆጥረው ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር ያላነሰ፣ ዛፎቹ ቢያንስ 2 ሜትር የሚረዝሙ፣ የቅጠል ሽፋኑም ቢያንስ 20 በመቶ የሆነውን ነው። የምንጯ ባለቤት ሾላና ዋንዛ በዚህ መለኪያ ደን አይደሉም። ቄጠማውማ ጨርሶ አይታሰብም። በእርሻ መሬት መካከል የተረፈው ተፈጥሯችን ግን በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ቁራሽ፣ የተበታተነ፣ በሰው ይዞታ ውስጥ ያለ።

ታዲያ ውሉ ምን ይምሰል? ተዋዋዮቹ ባለይዞታውና የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቢሆኑ፣ ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ሲሆንም ሁለቱ ቢፈርሙ ይበቃል። መሬቱ ምርቱን ለመካፈል ለሌላ አራሽ በእኩል የተሰጠ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በሬ የሌላት ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ናት መሬቷን እንዲህ የምታሳርሰው፤ በመሆኑም ክፍያው ለአራሹ ብቻ ሄዶ እሷ ባዶ እጇን እንዳትቀር፣ ወይም አራሹ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚያርሰው መሬት እንዳይነሣ፣ የሁለቱ ድርሻ ተለይቶ ይጻፍ። ዘመኑ ከ10 ዓመት ባያንስ ጥሩ ነው፤ ወይራና ጽድ በአምስት ዓመት ለወግ አይደርሱም፤ በሌላ በኩል 30 ዓመት ብንል የሚፈርም አናገኝም። መሬቱ የባለይዞታው ሆኖ ይቀጥላል፤ ያወርሰዋል፤ ወራሹ ከፈለገ ውሉን ይቀበላል። ሣር አጭዶ መውሰድ፣ ቀፎ መስቀል፣ ደረቅ እንጨት መልቀም፣ የዱር ፍሬ መሰብሰብ ይፈቀድ፤ ማረስ፣ ልቅ ግጦሽና መመንጠር አይፈቀዱ።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ደግሞ እጃችን ላይ አለ። በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ በተሰጠባቸው ወረዳዎች እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ተለይቶ ተመዝግቧል፤ በዚያው ካርታ ላይ የተጠበቀውን ቁራሽ ማስመር ለአንድ ባለሙያ የሰዓታት ሥራ ነው፤ ድንበር የሚገፋ ጎረቤት ቢነሣም የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ የሚያየው ማስረጃ ይኖረዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ለባንክ ሲባል በይዞታ ላይ ግዴታ መመዝገብ ከተቻለ፣ ለምንጭ ሲባል መመዝገብ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ክፍያውን በተመለከተ ያለኝን አስተያየት ሳልሸሽግ ልናገር። መለኪያው ቢያንስ ከዚያ ቁራሽ መሬት በመካከለኛ ዓመት ይገኝ የነበረውን ምርት የሚያክል መሆን አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ክፍያ ልመና ይሆናል። ከገንዘቡ ጎን ለጎን ግን በገጠር የሚታወቁና ለአሠራር የሚቀሉ መንገዶች አሉ፦ የቤተሰቡን ዓመታዊ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ መሸፈን፣ ውሉ ለጸናበት ዘመን የመሬት መጠቀሚያ ግብር አለመጠየቅ፣ ማዳበሪያ ሲከፋፈል ተዋዋዩ ድርሻውን በጊዜው እንዲያገኝ ማድረግ። የመጨረሻው ወጪ እንኳ የለውም፤ ማዳበሪያ ፍለጋ ዩኒየን በር ላይ ያደረ ገበሬ ግን ዋጋውን ያውቃል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ከተሞች ይክፈሉ እላለሁ። የጎንደር ከተማ የአንገረብ ግድብ በደለል ምን ያህል እንደተጎዳ የሚታወቅ ነው፤ የአዲስ አበባ ለገዳዲም በየክረምቱ ከታረሰ ማሳ የሚወርደውን ድፍርስ ውሃ ለማጥራት ኬሚካል ያፈስሳል። የኒውዮርክ ከተማ ዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ለሚሆን ሕዝብ የምታቀርበው ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ካትስኪል በሚባሉት ተራሮች ከሚገኙ እርሻና ደኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከተማዋ በገበሬዎቹ ላይ ጥብቅ ደንብ ልታወጣ ስትነሣ ከባድ ተቃውሞ ገጠማት። አማራጯ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ማጣሪያ መሥራት ነበር። ከድርድር በኋላ የተደረሰበት ስምምነት ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመሩት ምክር ቤት እንዲቋቋም፣ የእያንዳንዱን እርሻ ዕቅድ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ እንዲያወጣ፣ ከተማዋም ወጪውን እንድትሸፍን ነበር። መግባት አለመግባት የገበሬው ፈቃድ ነው፤ ነገር ግን በአምስት ዓመት ውስጥ 85 በመቶው ካልገባ ከተማዋ ወደ አስገዳጅ ደንብ ልትመለስ እንደምትችል ተስማሙ። ገበሬዎቹ ከዚያም በላይ ገቡ። የወንዙን ዳር አጥሮ ከብት ለማራቅና ዛፍ ለማብቀል የተስማማ ገበሬ ለ10 ወይም ለ15 ዓመት የመሬቱ ኪራይ ይከፈለዋል። የእኛ ከተሞች የገንዘብ አቅም ከዚያች ከተማ ጋር እንደማይወዳደር አላጣሁትም። ግን የእኛ ማጣሪያና ደለል ጠረጋም በነጻ አይደለም፤ በውሃ ሂሳብ ላይ የምትጨመር ጥቂት ሳንቲም በቀጥታ ለተፋሰሱ ገበሬ ብትሄድ ከቆሸሸ በኋላ ከማጠብ ትቀላለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብም ቢሆን ደለሉ የሚመጣው ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ ማሳዎች ነው፤ ከኤሌክትሪክ ሽያጩ ቅንጣቷን ወደ ላይ መመለስ ምጽዋት አይባልም።

በአገራችን ለተፈጥሮ ጥበቃ ለገበሬ መክፈል አይሠራም የሚል ሰው ወላይታ ሁምቦን ያስታውስ። በ2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ላይ ከቀሩት ጉቶዎች ደኑ ራሱ እንዲያቆጠቁጥ በመጠበቅ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁት ነዋሪዎች የዓለም ባንክ ለገዛው ካርቦን ገንዘብ አግኝተዋል። ያም የወል ተራራ ነበር፤ ክፍያ ግን ገበሬው ዘንድ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል።

ከሌሎች ድካም ልንማርባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዋጋ ነገር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ ለመሸርሸር የተጋለጠ ማሳን ለ10 እስከ 15 ዓመት ከእርሻ ለሚያሳርፍ ገበሬ ዓመታዊ ኪራይ መክፈል ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በውሉ ሥር የነበረው መሬት 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ደርሶ ነበር። የእህል ዋጋ ሲንር ግን ውላቸው ያለቀ ብዙ ገበሬዎች ሣሩን ገልብጠው በቆሎ ዘሩበት። በእኛ አገር የጤፍ ዋጋ በየዓመቱ ምን እንደሚሆን እያየን ለ10 ዓመት የሚጸና ክፍያ በብር ቁርጥ አድርጎ መጻፍ ውሉን በሦስተኛው ዓመት መግደል ነው፤ ክፍያው በኩንታል እህል ተሰልቶ፣ በዓመቱ የገበያ ዋጋ ወደ ብር ይቀየር።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እሱም ፈቃደኝነት ነው። ቻይና ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ25 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብል ማሳውን ወደ ዛፍና ሣር ለመለሰ ገበሬ እህልና ገንዘብ ስትከፍል ብዙ ተራራ አልምታለች፤ ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ ዒላማው ከላይ ተቆርጦ ስለሚወርድ ገበሬው የመምረጥ ዕድል አልነበረውም። የእኛን አስተዳደር የሚያውቅ ሰው ይህ አደጋ እንዴት እንደሚደርስብን ለመገመት አይቸገርም። ከክልል «በፈቃደኝነት» ተብሎ የወጣ ነገር ወረዳ ሲደርስ ዕቅድ ይሆናል፤ ቀበሌ ሲደርስ ኮታ ይሆናል፤ ልማት ጣቢያ ሠራተኛው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ «እስከ ዓርብ የሠላሳ ሰው ፊርማ» ይሆናል። ስለዚህ ሥርዓቱ በተጀመረባቸው ዓመታት የተዋዋይ ብዛት ለማንም የሥራ አፈጻጸም መለኪያ እንዳይሆን፣ ውል አልገባም ያለ አርሶ አደርም በማዳበሪያ፣ በሴፍቲኔትም ሆነ በብድር እንዳይጎዳ በግልጽ ተጽፎ ይታገድ። ለተዋዋዩ ማዳበሪያ በጊዜው ይድረሰው ያልኩትም በዚህ ልጓም ሥር ነው፤ ያልተዋዋለው ድርሻ ተቀንሶ ለተዋዋዩ የሚሰጥ ከሆነ ፈቃደኝነቱ ቀርቷል። አርሶ አደሩም የአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን የመተው መብት ይኑረው። መውጣት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ለመግባት አይፈራም።

ባሕር ዛፍን በሚመለከት ከአንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። አርሶ አደሩ ባሕር ዛፍ መትከሉን እንደ ጥፋት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ገበያውን ያወቀ ሰው ውሳኔ ነው እላለሁ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ማንም ሳይከፍላቸው የእርሻ ማሳቸውን ዲከረንስ በሚባል ፈጥኖ በሚያድግ የግራር ዝርያ ሸፍነው፣ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ በመካከሉ እየዘሩ፣ ቀጥሎ ሣሩን እያጨዱ፣ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ከሰል እያከሰሉ ኑሯቸውን ቀይረዋል። ይህ የሚያሳየው መሬትን ለዛፍ መስጠት ከተከፈለበት ገበሬው ሰባኪ እንደማያስፈልገው ነው። ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ዛፍ መሆኑ የራሱ ጦስ አለው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን የመታው በሽታ ብዙ ቤተሰብ አስደንግጧል። ስለዚህ ባሕር ዛፍም ዲከረንስም ይተከሉ፣ ይሸጡ፤ በውሉ ክፍያ ግን አይካተቱ፤ ምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጨርሶ ውል የሚገባበት ነገር አይደለም። ገበያ የሚከፍልላቸው ዛፎች አሉ፤ የሕዝብ ገንዘብ ገበያ ለማይከፍልላቸው ለወይራው፣ ለብሳናው፣ ለኮሶውና ለቄጠማው ይሁን።

ስለ ረግረግ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ ወላላና ሸሸርን የመሳሰሉ ረግረጎች ከየአቅጣጫው ጠበዋል፤ ጣና ሲሸሽ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬትም በየዓመቱ ወደ ውሃው እየገፋ ነው። ደንገሉ ሲመነጠር ዓሣው መራቢያ ያጣል፤ ከማሳ የሚወርደው ደለልና ማዳበሪያ ሳይጣራ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ እምቦጭም ይመቸዋል። እዚያ ያለው ገበሬ ለእምቦጭ ነቀላ በዘመቻ ሲወጣ ቆይቷል። ደንገሉን እንዲተው ግን የከፈለው ማንም የለም።

የሰላሙ ጉዳይ ባልተቃናባቸው ወረዳዎች ካርታና ውል ይዞ መዞር እንደማይቻል እረዳለሁ፤ መመሪያ ለማውጣት ግን ሁሉም ወረዳ እስኪረጋጋ መጠበቅ አያስፈልግም። ስለሆነም ግብርና ሚኒስቴር ከአዲሱ የመሬት አዋጅ ማስፈጸሚያዎች ጋር የፈቃደኝነት ጥበቃ ውል መመሪያ እንዲያዘጋጅ፤ የክልል መሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶችም ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በተጠናቀቀበትና ከተማ ውሃ በሚጠጣበት አንድ አንድ አነስተኛ ተፋሰስ መርጠው የሙከራ ውል እንዲጀምሩ፤ እስከዚያም ድረስ፣ ይህ በአንድ ገጽ ሰርኩላር ሊፈጸም የሚችል በመሆኑ፣ በምንጭ፣ በወንዝ ዳርና በቦረቦር አፋፍ ዙሪያ ባለይዞታው ሳያርስ የጠበቀው መሬት ጦም ያደረ ተብሎ እንዳይነጠቅ ለየወረዳው በጽሑፍ እንዲታወቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግብርና ጉዳዮችን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለከተሞች የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች